የአባትህን የፑል ዱላ ከእሳቸው ተደብቀህ አታድስ

ጥያቄ፦

«ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የምኖረው ጅማ፣ ቆጪ አካባቢ ነው። ቤታችንን ቀለም ለመቀባት ዕቃ ስናወጣ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ በጨርቅ የተጠቀለለ፣ ለሁለት የሚፈታ የፑል ዱላ አገኘሁ። የአባቴ ነው። አባቴ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የቡና ጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ፤ ዱላውን በደርግ ጊዜ ከአስመራ ገዝተው እንዳመጡት እናቴ ነግራኛለች። ልጅ ሳለሁ ማታ ማታ ይዘውት ሲወጡ ትዝ ይለኛል። ከዚያ በኋላ በአንድ ጊዜ አቆሙ፤ ለምን እንዳቆሙ ከቤታችን የሚያውቅ የለም። አሁን ጫፉ ላይ ያለው ቆዳ ወልቋል፣ ከቆዳው ሥር ያለው ነጩ ቀለበት ቢጫ ሆኗል፣ ቫርኒሹ ተላልጧል፣ የፊተኛው ክፍልም ትንሽ የጎበጠ ይመስላል። መያዣው ላይ የተጠመጠመው ክር በአንድ በኩል ተፈቷል። አንድ የቶርኖ ባለሙያ በአንድ ቀን ልጦና ቀለም ቀብቶ እንደ አዲስ እንደሚያደርገው ነግሮኛል። ጓደኛዬ ደግሞ ጉብጠቱ በእንፋሎት ይቃናል ይላል። ለአረፋ ዘመድ ሲሰበሰብ በድንገት አውጥቼ አባቴን ላስደስታቸው አስቤያለሁ። እኔም ፑል ስለምወድ ከታደሰ በኋላ ብጫወትበት ደስ ይለኛል። ምን ይመክሩኛል?»

ልጃቸው፣ ከጅማ

መልስ፦

ወንድሜ፣ ዱላውን ወደ ቶርኖ ቤት አትውሰደው፤ እንፋሎት ላይም አታስጠጋው። ከሁሉ በፊት ለአባትህ ንገራቸው።

አባትህ በሕይወት አሉ፤ ንብረቱም የእሳቸው ነው። ሰው የጠላውን ዕቃ ይሸጣል፣ ለሌላ ይሰጣል፣ ካልሆነም ጓሮ ይጥለዋል። እሳቸው ግን ፈትተው፣ በጨርቅ ጠቅልለው፣ ይህን ሁሉ ዓመት አስቀምጠውታል። እንደሚወዱት አልጠራጠርም። ለምን መጫወት እንዳቆሙ ግን አንተም እናትህም አታውቁም። ወገባቸውን አሟቸው ይሆናል። አብሯቸው የሚጫወት ወዳጅ ሞቶባቸው ይሆናል። በውርርድ ገንዘብ የሄደበት፣ ከሰው ጋር ክፉ የተነጋገሩበት ምሽትም ሊኖር ይችላል፤ ፑል ቤት ውስጥ ይህ እንግዳ ነገር እንዳልሆነ አንተም ታውቃለህ። ምክንያቱ ከእነዚህ አንዱ ከሆነ፣ ዘመድ አዝማድ በተሰበሰበበት፣ የልጅ ልጆች በሚያዩበት ዱላውን አውጥተህ እጃቸው ላይ ስታኖርላቸው ምን ይበሉ? ፈገግ ብለው ይቀበሉሃል፤ በልባቸው ያለውን ግን አታውቀውም። ለእንዲህ ያለ ነገር የሰው ፊት አይመረጥም።

ሌላው ምክንያት የሥራው ነው። በአሮጌ ዱላ ላይ የሚታይ ነገር ሁሉ ጉዳት አይደለም። ያ የተፈታው ክር አባትህ ራሳቸው የጠመጠሙት ሊሆን ይችላል፤ ላብ የሚያስቸግረው ተጫዋች የፋብሪካውን ፈትቶ ለእጁ በሚስማማ ክር መቀየሩ የተለመደ ነው። እጀታው ላይ በምላጭ የተጫረች ምልክት ካየህ ደግሞ ዱላው ከሌሎች እንዳይቀላቀል ያደረጓት፣ ወይም ሲጫወቱ በየትኛው ጎን እንደሚይዙት የምትጠቁማቸው ልትሆን ትችላለች። ቶርኖው ሲልጠው ይህ ሁሉ ከፍቅፋቂው ጋር ይራገፋል። ከተራገፈ በኋላ ባለሙያውም አንተም ልትመልሱት አትችሉም።

ስለዚህ በአዘቦት ቀን፣ ቡና ተጠጥቶ ጎረቤት ከተበተነ በኋላ ዱላውን እንዳለ አምጣላቸው። አቧራውን እንኳ አትጥረግ። «አባባ፣ ይህን አገኘሁት፤ ልናድሰው ወይ?» በላቸውና እጃቸውን ተመልከት። ዱላ የለመደ ሰው መጀመሪያ ሁለቱን ክፍሎች ገጥሞ ያጠብቃል፤ ከዚያ የኋላውን ጫፍ ወደ ጉንጩ አስጠግቶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እስከ ጫፉ ድረስ ቀጥ ማለቱን ያያል። ይህን ካደረጉ ፈቃዳቸውን አገኘህ ማለት ይቻላል። «ተወው» ካሉህ ግን ጠቅልለህ ወደ ቦታው መልሰው፤ አንተ የራስህን ዱላ ትገዛለህ። እሺ ካሉ አብራችሁ ሥሩት። ከዚህ በታች የምጽፍልህንም አንብብላቸውና የማይስማሙበት ካለ የእሳቸውን ቃል ተቀበል፤ ይህን ዱላ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

ሥራው የሚጀምረው በሜትር ነው። ዱላው ከአስመራ መምጣቱ የፑል ስለመሆኑ ጥርጣሬ አሳድሮብኛል፤ አስመራ ኢጣልያኖች ያስገቡት፣ ኪስ በሌለው ጠረጴዛ ላይ የሚጫወቱት ከረንቡላ ሥር የሰደደባት ከተማ ናትና። ተገጥሞ 147 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከረዘመና ጫፉ ከ12 እስከ 13 ሚሊ ሜትር ከሰፋ የፑል ዱላ ነው። ርዝመቱ 140 አካባቢ፣ ጫፉ 11 ወይም 12 ሚሊ ሜትር ሆኖ፣ ከጫፉ ጀምሮ እስከ እጀታው ሳያቋርጥ እየወፈረ የሚሄድ ከሆነ ለከረንቡላ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ጫፉ 9 ወይም 10 ሚሊ ሜትር ብቻ ከሆነ የስኑከር ነው። ልዩነቱ ከኳሶቹ የመጣ ነው፤ የፑል ኳስ 57 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋትና ከ156 እስከ 170 ግራም ክብደት አለው፣ የከረንቡላው 61.5 ሚሊ ሜትር ሆኖ ከ205 ግራም ይጀምራል፤ ስለዚህ ዱላው ደንደን ይላል። የከረንቡላ ሆኖ ቢገኝ አትዘን። ፑል ትጫወትበታለህ፤ እጅህ እስኪለምደው ግን አጠር ብሎና ጠንከር ብሎ ይሰማሃል። የምትገዛውን የጫፍ ቆዳ መጠንም የምታውቀው በዚሁ ልኬት ነው።

እጀታው ግርጌ ላይ የሠሪ ስም፣ ፊርማ ወይም ማኅተም መኖር አለመኖሩን በደህና ብርሃን እይ። ካለ በዚያ በኩል ምንም ነገር አታስነካው። በስም የሚታወቁ ዱላ ሠሪዎች አሉ፤ እ.ኤ.አ. ከ1959 እስከ 1975 ኒው ዮርክ ውስጥ የሠራው ጆርጅ ባላቡሽካ አንዱ ነው፤ የእሱ ዱላዎች ዛሬ በብዙ ሺህ ዶላር ይሸጣሉ። የአባትህ እንዲህ ያለ ይሆናል ብዬ ተስፋ አልሰጥህም። ከመፋቅ በፊት ማየት ግን ምንም አያስከፍልም።

ወደ ጉብጠቱ ልምጣ። ጎብጧል ከማለትህ በፊት ሁለቱን ክፍሎች ፈትተህ ለየብቻ መስታወት በለበሰ ጠረጴዛ ላይ አንከባልላቸው። የፑል ጠረጴዛ ጨርቅ ለዚህ አይሆንም፤ ትንሿን ጉብጠት ይደብቃል። ዓይንህን ከጠረጴዛው እኩል ዝቅ አድርገህ ከዱላው ሥር የሚታየውን ብርሃን ተመልከት። ዱላው ሲዞር ብርሃኑ አንዴ ሰፋ አንዴ ጠበብ ካለ ያ ክፍል ጎብጧል። ካልተለዋወጠ ቀጥ ያለ ነው፤ ጫፉ ስለሚቀጥን ብቻ ከጠረጴዛው ከፍ ብሎ መታየቱ አያሳስትህ። ሁለቱም ለየብቻ ደህና ሆነው ሲገጠሙ ከተንጋደዱ ደግሞ ጥፋቱ የመጋጠሚያው ነው። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ብሎኑ ጥርስ ውስጥና በመጋጠሚያው ፊት ላይ የደረቀ ቆሻሻ ነው። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በደረቅ ጨርቅ አጽዳው፤ ዘይት አታድርግበት፤ እንደገና ገጥመህ ሞክር። ጎበጠ ተብሎ የተጣለ ዱላ በዚህ ብቻ የዳነበት ጊዜ አለ።

በእርግጥ ቢጎብጥም አይገርምም። አስመራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች፣ ዝናቧ አነስተኛ የሆነ ደረቅ ከተማ ናት። ጅማ ላይ ዝናቡ ከመጋቢት ገደማ ጀምሮ እስከ መስከረም ድረስ አይለቅም፤ በዓመት የሚወርደው 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል። ቫርኒሹ በአንድ በኩል ከተላጠ እርጥበቱ በዚያ በኩል ብቻ ይገባል፤ አንዱ ጎን ሲያብጥ ሌላው ባለበት ይቆያል፤ ዱላውም ይጎብጣል። ግድግዳ ተደግፎ የቆመ ከሆነ የራሱ ክብደት ይጨመርበታል።

የጓደኛህ እንፋሎት ይህንኑ እርጥበት በብዛት መልሶ ማስገባት ነው። ለጊዜው ይቃና ይሆናል፤ ሲደርቅ ግን ወደ ነበረበት መመለስ ይወዳል፣ አንዳንዴም በሌላ በኩል ይጎብጣል። መጋጠሚያውንና ቀለበቱን የያዘው ማጣበቂያም በሙቀት ይለቃል። እኔ የምመክርህ እንዲህ ነው፦ ዱላው ሲንከባለል ጫፉ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ የሚዋልል ከሆነ ተወው። ጉብጠቱ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች እንዲሆን አዙረህ ያዝ፤ ወደ ቀኝና ወደ ግራ እንዳይሆን ብቻ ተጠንቀቅ፤ ጫፉ ከመስመሩ አይወጣብህም። ያቺ በምላጭ የተጫረች ምልክት ካለች ለዚሁ ያደረጓት እንደሆነ አባትህን ጠይቃቸው።

አሁን ጽዳቱ። የፊተኛውን ዘንግ ያጠቆረው የዓመታት ላብና የጠመኔ ዱቄት ነው። ለብ ያለ ውሃ ነክረህ በደንብ በጨመቅከው ጨርቅ ቶሎ ቶሎ ጥረገው፤ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ አድርቀው። ጨርቁ ከእንግዲህ ጥቁር ካላነሳ በቃህ። ሰማያዊው ጥላ ሙሉ በሙሉ ላይለቅ ይችላል፤ ይቅር። በብርጭቆ ወረቀት ልልቀቀው ካልክ ከቁጥር 600 የሻከረ አታስነካው፣ እሱንም በእንጨቱ ርዝመት እየሄድክ በቀላሉ። ምክንያቱም ወረቀት የሚወስደው ቆሻሻውን ብቻ አይደለም። የዘንጉ ውፍረት በአሥረኛ ሚሊ ሜትር ሲቀንስ እጅ ያውቀዋል፤ ዱላውም ይበልጥ ይለምጣል። ባለሙያው ልላጠው ያለው ነገር የአባትህ ጣቶች ለዓመታት የለመዱት ልክ ነው።

ትንንሽ ጎድጓዳ ቦታዎች ካሉ፣ እንጨቱ ተጨምቆ ከሆነ ይመለሳሉ፤ ተቆርጦ ከሆነ ግን አይመለሱም። እርጥብ ጨርቅ ጫፍ በቦታዋ ላይ ብቻ አኑርና በሞቀ ማንኪያ ጀርባ ለጥቂት ሰከንድ ጫን በል። የተጨመቀው እንጨት ውሃና ሙቀት ሲያገኝ ቀና ይላል። ካደረቅከው በኋላ በንጹሕ ቆዳ ወይም በወፍራም ወረቀት ይዘህ እስኪሞቅ ድረስ ፈትገው፤ ዘንጉ ልስላሴውን የሚያገኘው ከዚህ ነው።

ቀጥሎ ሰም ነው። የጅማ ሰው የማር ሰም ስለማያጣ እጅህ ወደዚያ እንደሚሄድ እገምታለሁ። ለኋላው እጀታ በስሱ ቀብተህ ብትወለውለው ጥሩ ነው። ለፊተኛው ዘንግ ግን አልመክርህም፤ የማር ሰም በ62 ዲግሪ ገደማ የሚቀልጥ ለስላሳ ሰም ስለሆነ በጣትህ ሙቀትና ፍትጊያ ይሞዝዛል፣ ዱላውም በጣቶችህ መካከል ሳይንሸራተት ይያዝብሃል። ከዘንባባ ቅጠል የሚገኘው ጠንካራው የካርናውባ ሰም ከ80 ዲግሪ በላይ ነው የሚቀልጠው፤ የመኪና መወልወያ ከሚሸጡ ሱቆች የካርናውባ ሰም ያለበትን ጠይቅ። እሱንም ካጣህ ዘንጉን ባዶውን ተወው። ደረቅና ንጹሕ እንጨት ከሚሞዝዝ ሰም ይሻላል።

ነጩ ቀለበት ቢጫ መሆኑ ዕድሜ ነው፤ በረኪና አትቀባው። መሰንጠቅ አለመሰንጠቁን ግን በጥፍርህ እየዞርክ ፈልግ። ስንጥቅ ካለ ኳስ በተመታ ቁጥር ይከፈታል፣ በመጨረሻም እንጨቱን ይሰነጥቀዋል።

ቆዳው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ዱላውን ዱላ የሚያደርገው እሱ ነውና። ፈረንሳዊው ካፒቴን ፍራንሷ ማንጎ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የቆዳ ጫፍ እስኪያስለምድ ድረስ ተጫዋቾች በባዶ እንጨት ነበር የሚመቱት፤ ኳሱን ከመሀል ፈቀቅ አድርጎ ለመምታት የሞከረ ያንሸራትተው ነበር። ቆዳው ከኳሱ ጋር የሚገናኘው ለአንድ ሺህኛ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው፤ ነጯ ኳስ ወደ ኋላ የምትመለሰው፣ የምትከተለው፣ የምትዞረው በዚያች ቅጽበት ቆዳው ስለያዛት ነው። ጅማ ካላገኘህ አዲስ አበባ የፑል ዕቃ ከሚሸጡበት አስመጣ። ጫማ ሰሪ ቆርጦ የሚሰጥህ ቆዳ ላመል ያህል ይሠራል፤ ግን በኃይል ተጨምቆ የተዘጋጀ ስላልሆነ ጥቂት ጨዋታ ሳይቆይ ተጠፍጥፎ ከቀለበቱ ጠርዝ ውጭ ይዘረጋል። መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ይበቃሃል።

የቀለበቱን ፊት ከአሮጌው ማጣበቂያ በምላጭ እየፋቅህ አጽዳው። ፍጹም ዝርግ መሆን አለበት። የብርጭቆ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘርግተህ ዱላውን ቀጥ አድርገህ አቁመህ ጥቂት ጊዜ አዙረው፤ ከዘመመ ቆዳውም ይዘምማል። የቆዳውንም ሥር በዚሁ ወረቀት አሻክረው። ቆዳው ከቀለበቱ ትንሽ ሰፋ ያለ ይሁን። ሱፐር ግሉ በስሱ ቀብተህ መሀሉ ላይ አሳርፈው፣ ዱላውን ገልብጠህ በራሱ ክብደት ጫን በለው። ሌሊቱን ሙሉ አትንካው። በማግስቱ ቀለበቱን በወረቀት ፕላስተር ጠቅልልና የተረፈውን ጠርዝ በአዲስ ምላጭ፣ ቆዳውን ጠንካራ እንጨት ላይ ደፍተህ፣ ከቀለበቱ ወደ ታች እየቆረጥህ አስተካክለው። ጠርዙን በጣትህ ጫፍ ውሃ አስነክተህ በቆዳ ቁራጭ እስኪያብለጨልጭ ፈትገው፤ ይህ ጠርዝ ነው ቆዳው ወደ ጎን እንዳይዘረጋ የሚይዘው።

ቅርጹን ደግሞ በስሙኒ ለካው። የ25 ሳንቲሟ ስፋት ከ21 ሚሊ ሜትር ትንሽ ያልፋል፤ ለዱላ ጫፍ የሚመረጠው ክብ ቅርጽ ከዚህ ጋር ይቀራረባል። ሳንቲሟን ከቆዳው ጎን ይዘህ በብርሃን ፊት ስታየው ሁለቱ ክቦች ገጥመው መሄድ አለባቸው። ከዚያ በላይ ከሾለ ኳሱን የሚነካው ትንሽ ነጥብ ብቻ ይሆናል፤ ዝርግ ከሆነ ደግሞ ከመሀል ስትወጣ በጠርዙ ትመታለህ። በመጨረሻ ፊቱን በሞረድ ቀለል አድርገህ ነካ ነካ አድርገው፤ ፊቱ የተወለወለ ቆዳ ጠመኔ አይዝም።

ስለ ጠመኔ ካነሳሁ፣ የትምህርት ቤት ጠመኔ አትጠቀም። ሰማያዊዋ የፑል ጠመኔ ሌላ ነገር ናት። እ.ኤ.አ. በ1897 ዊልያም ስፒንክስና ዊልያም ሆስኪንስ የተባሉ አሜሪካውያን የባለቤትነት መብት ያወጡባት ሲሊካና ሌላ ጠንካራ የማዕድን ዱቄት ያለባት ናት፤ የምትይዘውም በዚያ ነው። ጫፉን ውስጧ አስገብተህ አትፈትል፤ እየዳሰስክ ቀባው።

የተፈታውን ክር ጫፉን በትንሽ ኮላ መልሰህ አጣብቀው፤ የቀረው ጠንክሮ ከያዘ አትፍታው። የኋላው ጫፍ ጎማ ጠፍቶ ከሆነ ከወንበር እግር ጎማ ልኩን ፈልገህ ግጠምለት፤ ዱላ በሲሚንቶ ወለል ላይ ሲቆም የሚሰነጠቀው ጎማ ሲያጣ ነው። ቫርኒሹን ደግሞ የተላጠበትን ቦታ ብቻ ንካ። የተነሳውን ቅርፊት በቁጥር 600 አለዝበህ ግልጽ ቫርኒሽ በጨርቅ በስሱ ሁለት ጊዜ ቀባ። ጠጋው ይታወቃል። ይታወቅ። በዕድሜው ልክ የተያዘ ዱላ ተልጦ ቡናማ ቀለም ከተደፋበት ዱላ ሺህ ጊዜ ያምራል ባይ ነኝ። ጅማ ደግሞ እንጨት የሚያውቁ እጆች አላጣችም፤ ባለ ሦስት እግሩን በርጩማ ከአንድ ግንድ ፈልፍለው የሚያወጡ ሰዎች ያሉባት ከተማ ናት። ቫርኒሹ ከከበደህ ከእነሱ አንዱን አማክር።

ከዚያ ጨዋታው ነው፤ እዚህ ላይ መታገሥ ይኖርብሃል። የለመድከው የፑል ቤቱን ዱላ ነው። የአባትህ ሲመታ ድምፁ ይለያል፣ ክብደቱም ሌላ ቦታ ላይ ነው። አዲሱ ቆዳ መጀመሪያ ላይ ይለሰልሳል፤ ሲመታ እየተጨመቀ ይጠነክራል፣ ጠርዙም ትንሽ ወጣ ይላል፤ እንደገና አስተካክለው። በዚህ ጊዜ ውርርድም ፉክክርም ውስጥ አትግባ። ጠረጴዛው ባዶ በሚሆንበት ጠዋት ሂድና ነጯን ከመሀሏ መትተህ ወደ ሩቁ የጠረጴዛ ጎማ ጠርዝ ላካት፤ ተመልሳ ቀጥታ የዱላህን ጫፍ መንካት አለባት። ወደ ጎን ከሄደች ሳታውቀው ከመሀል ወጥተሃል። ይህ ሳይስተካከል ነጯን በጎኗ እየመታህ ማሽከርከር አትጀምር።

ስትጀምርም ሁለት ነገር አስብ። ከኳሷ መሀል እስከ ጠርዟ ካለው ርቀት ከግማሽ በላይ አትውጣ፤ ለፑል ኳስ 14 ሚሊ ሜትር ያህል ማለት ነው። ከዚያ ካለፍክ ምንም ያህል ጠመኔ ብትቀባ ይንሸራተታል። ሁለተኛው፣ ሙሉ እንጨት የሆነ የድሮ ዘንግ ጫፉ ከበድ ስለሚል፣ ነጯን በቀኟ ስትመታት ወደ ግራ፣ በግራዋ ስትመታት ወደ ቀኝ ገፋ ያደርጋታል። ይህን ለመቀነስ ተብለው ጫፋቸው የቀለለ ዘንጎች አሁን ይሠራሉ፤ የአባትህ ግን የሚገፋውን ያህል ይገፋል። ዱላው ተበላሸ ብለህ አትፍረድ፤ ምን ያህል እንደሚገፋ ተምረህ ያንን ያህል ወደ ሌላው ጎን አነጣጥር። አባትህ ይህን ልክ በእጃቸው ያውቁታል። መጫወት ባይፈልጉ እንኳ አጠገብህ ወንበር አድርግላቸውና «ምን ያህል ፈቀቅ ልበል?» እያልክ ጠይቃቸው። ወገባቸው ከፈቀደላቸው ደግሞ የመጀመሪያውን ምት ለእሳቸው ተውላቸው።

ፑል ቤት ስትወስደው «አንዴ ልሞክረው» የሚልህ አይጠፋም። ጅማ ላይ ሰው ዘመዱንና ጎረቤቱን እምቢ ማለት እንደሚከብደው አውቃለሁ። «የአባቴ ነው፤ ሳላስፈቅድ አልሰጥም» በል። ይህን ሰምቶ የሚቀየም የለም። ተራህ ሲያልቅ ፈትተህ ወደ ማኅደሩ መልሰው። ማኅደር ካላገኘህ ለሁለቱም ክፍሎች የሚበቃ ሰፊ የፕላስቲክ የውሃ ቱቦ በርዝመታቸው አስቆርጠህ ውስጡን በጨርቅ አልብሰው። በክረምት በላስቲክ አትጠቅልለው፤ እርጥበቱን ያፍናል። ከሰል በሚነድበት ክፍል፣ ፀሐይ የሚመታው መኪና ውስጥ፣ ግድግዳ ተደግፎ አይቀመጥ። አግድም አስተኛው።

ወደ ቶርኖ ባለሙያው የምትመለሰው ቀለበቱ ተሰንጥቆ ወይም የመጋጠሚያው ጥርስ አልቆ ከሆነ ብቻ ነው። ያን ጊዜ የሱ ሙያ ያስፈልግሃል፤ በእጅ የሚሠራ አይደለም። ያቺን ክፍል ብቻ እንዲሠራ ንገረው፣ ዱላውን ትተህ አትሂድ፣ አባትህ ከፈቀዱም ይዘሃቸው ሂድ። ማሽኑ ከመነሳቱ በፊት የዘንጉን ውፍረት ከጫፉ፣ ከመሀሉና ከመጋጠሚያው አጠገብ በካሊፐር ለክተህ ወረቀት ላይ ጻፍ፤ ሲያስረክብህ በእነዚያው ሦስት ቦታዎች መልሰህ ለካና ልኩ ያልተነካ መሆኑን አይተህ ክፈለው።